የኮንደንሰር ማይክ ጥቆማ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምንዘፍን

ባለፈው የቀዳሁትን ሰምታችሁ «ማይክህ ምንድን ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ ጥቆማዬ ባዶ ግድግዳ፣ ከላይ ሙቀጫ፣ ከታች ውሻ ላለበት ሰው ነው። ቪላ ያላችሁ እለፉት።

መጀመሪያ የገዛሁት ቢኤም 800 የሚባል ኮንደንሰር ነበር፤ ኮንደንሰር ማለት ትንሿን ድምፅ ሁሉ የሚለቅም፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚለመደው ማይክ ነው። ለዋጋው ክፉ አይደለም። ሻጩ ግን «ስልክህ ላይ ሰክተህ ትዘፍንበታለህ» አለኝ። ሰካሁት። ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሽሽሽ ይላል። ለካ አብዛኛው ኮንደንሰር 48 ቮልት ይፈልጋል። ፋንተም ፓወር የሚሉት ይሄ ነው፤ ከሳውንድ ካርዱ (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ሳጥን) በኬብሉ በኩል ይመጣል። ስልክ ይሄን ከየት ያመጣል? እና ብራችሁን በሙሉ ማይኩ ላይ አትጨርሱ፤ ለሳውንድ ካርድ አስቀሩ።

አሁን ያለኝ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ነው፣ ከቤሪንገር ዩኤም 2 ሳውንድ ካርድ ጋር። ሁለቱንም ያገለገለ ነው የገዛሁት። ብር ካላችሁ ከዩኤም 2 ይልቅ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ውሰዱ። ሮድ ኤንቲ 1ኤንም ሞክሬዋለሁ። የራሱ ሹክሹክታ 5 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጸጥ ያለ ማይክ ነው። ግን የጎረቤቴ ሙቀጫ እየተሰማ የማይኩ ጸጥታ ምን ያደርግልኛል?

ያገለገለ ስትገዙ ሄድፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። 48 ቮልቱን አብሩ፣ ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ከፍ አድርጉና ዝም በሉ። ቸር ቸር ካለ ተመለሱ፤ ወይ እርጥበት ገብቶበታል ወይ ወድቋል። «ሰክተን አናሳይም» የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁም እንደዚያው።

ኤቲ 2020ን አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ መድረክ ማይክ አፌ ላይ ደግኜ፣ ከአናቱ ዘፈንኩበት። የሚሰማው ግን በጎኑ ነው! ምልክቱ ያለበት ፊት ወደ አፋችሁ ይዙር። ርቀቱ አንድ ስንዝር። ስትጮሁ ሸሸት፣ ስታንሾካሹኩ ጠጋ። በጣም ከተጠጋችሁ ድምፃችሁ ይወፍራል፤ ደስ ይላል፣ ግን ቃሉ አይለይም። «ፓ» ስትሉ ቡፍ እንዳይል እኔ ሽቦ አክብቤ የእህቴን ስቶኪንግ ወጥሬበታለሁ። ይሠራል።

ክፍሉ ላይ እልህ ያዙ። ማይኩ የሚሰማው እናንተንና ከኋላችሁ ያለውን ግድግዳ ነው፣ በራሱ ጀርባ በኩል ያለውን ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ብርድ ልብሱና ጋቢው የሚሰቀለው ከእናንተ ኋላ ነው። እኔ ፍራሼንም አቆመዋለሁ፣ ማታ ደግሞ እተኛበታለሁ። የእንቁላል ካርቶን ለጥፉ የሚላችሁን አትስሙ፤ የሚተርፋችሁ አቧራው ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ሙቀጫው ካልተዋችሁ ኮንደንሰሩን ተዉት። ከ1966 ጀምሮ የሚሸጠው ሹር ኤስኤም 58 ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ማይክ ነው፤ 48 ቮልት አይፈልግም፣ ቀርባችሁ ስለምትዘፍኑበት የሩቁን ብዙ አይለቅምም። ፎርጅዱ ብዙ ነውና ተጠንቀቁ። አንድ ዘፈን ብቻ ለመቅዳት ከሆነ ደግሞ ምንም አትግዙ፣ ስቱዲዮ በሰዓት ተከራዩ።

እኔ የምቀዳው ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው፣ መብራት ካለ።

ቢኤም 800ው አሁንም አለ። የሚፈልግ ይውሰደው፣ ሽሽሹን ምርቃት እሰጠዋለሁ።