«ከማኅፀነ ዮርዳኖስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ተነሣች። ቄሱ ሲያስተምሩ «ከአብራከ መንፈስ ቅዱስ፣ ከማኅፀነ ዮርዳኖስ ተወለደች» አሉ። ዮርዳኖስ ወንዝ ነው፤ ወንዝ እንዴት ማኅፀን ይኖረዋል? አብራክስ ጉልበት አይደለም እንዴ?

የዋድላው፦ ልጄ፣ ኒቆዲሞስም ግራ ገብቶት ነበር። ዮሐንስ 3 ላይ «ሁለተኛ ወደ እናቱ ማኅፀን ገብቶ ይወለድ ዘንድ ይችላልን?» ብሎ ጠይቋል። ጌታ ከውኃና ከመንፈስ መወለድን ነገረው። ማኅፀኑ እንግዲህ የጥምቀቱ ውኃ ነው። ግን መጀመሪያ ፊደሉን እናቅና። በ«ሐ» ነው የሚጻፈው፣ «ማሕፀን» ተብሎ። ግሱ «ሐፀነ» ነው፤ አቀፈ፣ አሳደገ ማለት ነው። «ሕፃን» ከዚያው ይወጣል። «ሕፅነ አብርሃም» ስንልም እቅፉን ማለታችን ነው።

ፊደል ወዳድ፦ የኔታ፣ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ እኮ በ«ኀ» ነው ያተመው። እኔ ደግሞ ቃሉ ከ«ፀነሰ» የመጣ ይመስለኛል። የሚፀነስበት ቦታ ስለሆነ።

የዋድላው፦ «ሰ»ዋን ማን በላት? ግስ ሳይወርዱ ሥር አይቆፈርም።

ከደሴ፦ በዐረብኛ «ሐደነ» ማለት አቀፈ፣ አሳደገ ነው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ልጅ የማሳደግ መብት «ሐዷና» ይባላል። ዐረብኛ ደግሞ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ዛሬም ለይቶ ይጠራቸዋል፤ ይሄኛው «ሐ» ነው። ስለዚህ የኔታ ልክ ናቸው። ማኅፀን ራሱ ግን በዐረብኛ «ረሒም» ነው። ዘመድ መጠየቅን «ሲለተ ረሒም» እንላለን፣ የማኅፀንን ገመድ መቀጠል እንደማለት። ዘመዱን የቆረጠ ሰው የቆረጠው ይሄንን ነው።

ጠያቂዋ፦ በጣም ደስ ይላል። አብራክስ?

ከሃይፋ፦ ዕብራይስጡም ከደሴው ጋር ይሄዳል። «ሬሔም» ማኅፀን፣ «ራሐሚም» ምሕረት። የእኛ «ምሕረት»ም እነዚያው ፊደላት ተገለባብጠው የተሠራ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ረ-ሐ-መ፣ መ-ሐ-ረ።

የዋድላው፦ አልቀበልም። «መሐረ» ራሱን የቻለ ግስ ነው፤ ከማንም አልተበደረም።

ከሃይፋ፦ ተበደረ አላልኩም የኔታ። አንድ ሥር ለሁለት ወንድማማች ቋንቋ ደረሰ ነው ያልኩት።

ፊደል ወዳድ፦ ወንድማማች ከተባለ፣ «ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው» የሚባለውን አስታውሱ። ከአንድ እናት ወጥቶ አንዱ «መሐረ»፣ አንዱ «ረሐመ» ቢሆን ምን ይገርማል?

የዋድላው፦ ይህ ተረት እንጂ ሰዋስው አይደለም። ስለ ማሕፀን ካነሣን የምትዘነጉት ትልቁ ቃል «ተማፀነ» ነው። ግእዙ «ተማሕፀነ» ይላል። ዛሬ ጋዜጣው «ተማፅኖ አቀረቡ» ሲል ለመነ፣ አቤት አለ ማለቱ ብቻ ነው። የቀድሞው ሰው «በእመቤቴ ተማፅኛለሁ» ሲል ግን ራሱን አደራ ይሰጥ ነበር። ልመና እንቢ ሊባል ይችላል። የተማፀነን ሰው ግን አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፤ እቅፍ ውስጥ ገብቷልና። እኔ እስከ ዛሬ ጸሎት ላይ ይህን ቃል ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ከደሴ፦ እኛም ዘንድ ቤት የገባ ስደተኛ አይሰጥም። ቃሉ እዚህ ድረስ መሄዱን ግን አላስተዋልኩም ነበር።

ፊደል ወዳድ፦ እሺ፣ ስለ «ፀነሰ» ያልኩትን ትቻለሁ። «ኀ»ን ግን ገና አልተውኩም። የብራና ዳዊት ቤቱ ያለው ካለ መዝሙር 21 ላይ ቃሉ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ይላክልን።