ሦስት የማይመቹ ዓርቦች፦ ለቦርዱ የሚቀርበው ረቂቅ

አስተባባሪ፦ እስካሁን የተስማማንበት ይኸው ነው። ሦስት ዓርብ፣ በአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ለሕዝብ የምናሳያቸው በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ሦስት የአሜሪካ ፊልሞች፣ ሁሉም ከሰው ጋር መግባባት ስለማይሆንላቸው ሰዎች፦ የቶድ ሶሎንድዝ «ዌልካም ቱ ዘ ዶልሃውስ» (1995)፣ የጃሬድ ሄስ «ናፖሊዮን ዳይናማይት» (2004)፣ የአንድሩ ቡጃልስኪ «ኮምፒውተር ቼስ» (2013)። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። የቱ ይቅደም?

መርሐ ግብር፦ «ናፖሊዮን»። 400 ሺህ ዶላር ገደማ የወጣበት፣ አይዳሆ ውስጥ ፕሬስተን በምትባል ከተማ የተቀረጸ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚታይ ፊልም ነው። ሰው እየሳቀ በንግግር መሀል ከሚመጣው ረጅም ዝምታ ጋር ይለማመዳል። «ዶልሃውስ» ከቀደመ በሁለተኛው ዓርብ አዳራሹ ይሳሳል። ፖስተሩን አይቶ የልጆች ፊልም የሚመስለውም አይጠፋም፤ ዋናዋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ብትሆንም የመድፈር ዛቻ አለበት። «ከ17 ዓመት በታች አይገባም» ተብሎ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፣ በር ላይም ይነገር።

ትርጉም፦ ትልቁ አደጋ ያለው ስክሪኑ ላይ በሚወጣው የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ላይ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው አራት ሰከንድ ያፈጥበታል፣ ከዚያ «አይ» ይላል። ጥያቄና መልስ አንድ ላይ ከወጡ ተመልካቹ መልሱን ቀድሞ አንብቦ ይጨርሳል፤ ቀልዱም ጭንቀቱም አለቀ። ስለዚህ መልስ አፍ ሳይከፈት አይውጣ፣ በዝምታው ጊዜ ስክሪኑ ባዶ ይሁን፣ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በመስመር 30 ፊደል።

ድምፅና ምስል፦ የእህታችን ሐሳብ ትክክል ነው፤ ግን የጽሑፉና የፊልሙ ፍጥነት ካልገጠመ ልፋቱ ከንቱ ነው። ጽሑፉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ባለው ቅጂ ተዘጋጅቶ የምናሳየው 23.976 ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዛነፋል። መጀመሪያ የምናሳየው ቅጂ ይምጣ፣ ትርጉሙ ከዚያ ይጀመር። የጽሑፉ ፋይል የአማርኛ ፊደል በሚይዘው የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ከሌለው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል።

«ኮምፒውተር ቼስ» በአሮጌ ባለቱቦ የሶኒ ካሜራ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ብርሃን ሲንቀሳቀስ ጭራ ይተዋል፣ ፕሮጀክተሩ ተበላሸ ብሎ የሚሮጥ እንዳይኖር። ምስሉም 4 በ3 (ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3) ነው፣ እባካችሁ ጎትታችሁ ስክሪኑን አትሙሉት።

የ«ናፖሊዮን» ስም ዝርዝር ሲያልፍ መብራት አይበራም። ከዝርዝሩ በኋላ የሠርግ ትዕይንት አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ዲስክ መግዛት ወይም ለኢንተርኔት ፊልም ማያ ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ለሕዝብ ማሳያ ፈቃድ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ፊልም ለመብት ባለቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፦ የወንበር ብዛት፣ የመግቢያ ዋጋ፣ ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ። አማርኛ ጽሑፍ ለማስገባትም በዚያው ደብዳቤ ፈቃድ ይጠየቅ፤ በኋላ ሲጠየቅ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። መልሱ በጽሑፍ ሳይደርሰን ፖስተር አይታተም።

አስተባባሪ፦ እሺ ጋሼ፣ ገብቷል። ቅደም ተከተሉ «ናፖሊዮን»፣ «ኮምፒውተር ቼስ»፣ «ዶልሃውስ» ይሁን። የሦስቱን ደብዳቤ ረቂቅ እኔ አዘጋጃለሁ፤ የወንበሩን ቁጥርና የመግቢያውን ዋጋ እርስዎ ይላኩልኝ።