ብሉዝ ከኛ እንጉርጉሮ ጋር ይዛመዳል?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እማዬ ከደብረ ታቦር መጥታ እኔ ጋ ናት። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ እሷ በሻማ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ በስልኬ የጥቁር አሜሪካዊቷን ዘፋኝ የቤሲ ስሚዝን ብሉዝ ከፍቻለሁ (ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነው)። እማዬ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አትሰማም። ትንሽ ቆይታ እንዝርቷን ገታ አደረገችና «ይቺ ሴት ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ልጅ ሆና እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን ቀስ ብላ ጀመረችው። ዜማው ሌላ ነው። ሆድ የሚያባባው ነገር ግን አንድ ሆነብኝ። አንድ ጓደኛዬ «ብሉዝ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው» ይላል። እውነት ነው?

ባለማሲንቆ፦
ጓደኛህ ተሳስቷል። በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙት አብዛኞቹ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ካለው የምዕራብ ጠረፍ ናቸው። ባንጆም ዘሩ ከቅል የሚሠራ የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያ ነው። የትዝታና የባቲ ቅኝቶች እንደ ብዙ የብሉዝ ዜማ ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ጆሯችን ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። አምስት ድምፅ ግን ቻይናም አለ።

አንባቢዋ ከጀሞ፦
የዜማ ዝምድና ባይኖርም እናትህ በትክክል ነው የሰሙት። ፍሬድሪክ ዳግላስ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ ሰው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ሰዎች የባሪያን ዘፈን ሰምተው «ደስ ብሎት ነው» ማለታቸው እንደገረመው ይናገራል። ባሪያ አብዝቶ የሚዘፍነው በጣም ሲከፋው ነው ይላል፤ እንባ ልብን እንደሚያቀለው። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ከፍቷት ካልሆነ አንጎራጉራ አታውቅም ነበር።

የባሮቹ ዘፈኖች ደግሞ ሰምና ወርቅ አላቸው! ወደ ከነዓን እንሄዳለን ብለው ሲዘምሩ ሰሙ መንግሥተ ሰማያት ነው። ወርቁ ባርነት የሌለበት የአሜሪካ ሰሜን ነበር። ይሄንንም ዳግላስ ራሱ ጽፎታል።

ሸክላ ወዳጅ፦
የቤሲ ስሚዝ ሸክላዎች በ1920ዎቹ «የዘር ሸክላ» ተብለው፣ ለጥቁር ገዢ ተለይተው ነበር የሚሸጡት። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ያንን ስም ከዘፈን ደረጃ ሰንጠረዡ አውጥቶ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» ያለው በ1949 ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የኮዬ ልጅ፦
ተባረኩ። ጓደኛዬንም አስነብበዋለሁ። ለእማዬ ነገርኳት። የዘፋኟ ወገኖች ጥጥ ለቃሚ ባሮች እንደነበሩ፣ በ1865 ነፃ ከወጡም በኋላ ብዙዎቹ በሰው መሬት የእኩል እያረሱ ያንኑ ጥጥ ሲለቅሙ እንደኖሩ አወራኋት። የእኩሉ ወዲያው ገባት፤ አባቷ የእኩል አራሽ ነበር። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ከዚያ ሁሉ ጥጥ ለራሳቸው አንድ ጋቢ ይተርፋቸው ነበር?» አለችኝ።

ዛሬ ማታ ሌላ አሰማኝ ብላኛለች። ማንን ልክፈትላት?