ሰንጋውን ልሽጥ ወይስ ጤፉን?

ሰላም ለሁላችሁ። ምንጃር፣ አረርቲ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። ጎተራዬ ውስጥ 14 ኩንታል ነጭ ጤፍና 5 ኩንታል ሽምብራ አለ። ግቢ ውስጥ ደግሞ የማደልባቸው ሁለት ሰንጋዎች ታስረዋል።

ያስቸገረኝ ጊዜው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ የከብት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይሟሟቃል። እስከዚያ ግን ለሰንጋዎቹ ቀለብ የሚሆን ፋጉሎና ፉርሽካ መግዛት አለብኝ፤ ዋጋቸው ደግሞ አይቀመስም። ሰሞኑን ሰንጋዎቹን ገበያ አውጥቼ ነበር። ደላላው ሻኛቸውን እንኳ በቅጡ ሳይዳብስ የቀለባቸውን የማይመልስ ዋጋ ጠራልኝ። መልሼ ነድቼ አስገባኋቸው።

ጤፉን ነቀዝ አይደፍረውም፤ እስከ ክረምት ቢቆይ አይበላሽብኝም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። ቢሆንም አምና እስከዚያ ጠብቀው ምንም ያልተጠቀሙ ጎረቤቶች አሉኝ። ሽምብራውን ነቀዝ ሳይቀድመኝ በዚህ ሳምንት እሸጠዋለሁ፤ እሱን ወስኛለሁ። ብሩ ግን ለልጆቹ ትምህርትና ለቤት ወጪ ነው የሚሄደው። የማዳበሪያ ገንዘብ ግንቦት ሳይገባ በእጄ መሆን አለበት። በአራጣ መበደር ደግሞ በፍጹም አልፈልግም፤ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አይቻለሁ።

ከብት ያደለባችሁ፣ እህልም አቆይታችሁ የሸጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተ ብትሆኑ ሰንጋዎቹን አሁን በተገኘው ዋጋ ሸጣችሁ ጤፉን ለክረምት ታቆያላችሁ፣ ወይስ ከጤፉ ጥቂት ኩንታል ሸጣችሁ በእሱ እየቀለባችሁ ሰንጋዎቹን ለፋሲካ ታደርሳላችሁ?