ስፓኒሽ ላይ «የኔ፣ ያንተ፣ የሷ» እንዴት ነው የሚሰራው?

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ስፓኒሽ በስልክ አፕ እየተማርኩ ነው፣ የአጎቴ ሚስት የቫሌንሲያ ልጅ ናት ክረምት ላይ ከናቷ ጋ ይመጣሉ ተብሏል እና ቢያንስ ስለ ቤተሰብ ትንሽ ላወራቸው ፈልጌ ነው። እህቴ ለማለት ሚ ኤርማና ይላል፣ እህቶቼ ሲሆን ሚስ ኤርማናስ። እኔ አንድ ሰው ሆኜ ሚስ የሚሆነው ለምንድነው? ደሞ ሱ ካሳ ሲል ቤቱ ነው ቤቷ? በአላህ አስረዱኝ።

ጦሳ ስር፦
አብሽር። ባለቤቱን እርሳውና የሚያዘውን ነገር ብቻ እይ፣ አንድ ከሆነ ሚ፣ ቱ፣ ሱ፣ ብዙ ከሆነ ሚስ፣ ቱስ፣ ሱስ። ፆታ የሚገባው «የኛ»ና «የናንተ» ላይ ነው፣ ሰፈራችን ኑዌስትሮ ባሪዮ፣ ተራራችን ግን ኑዌስትራ ሞንታኛ። ወንዶች ብቻ ተሰብስባችሁ ጦሳን ብታሳዩአቸው እንኳን ኑዌስትራ ነው የምትሉት ምክንያቱም ሞንታኛ ራሷ ሴት ናት። ሱ ካሳ ቤቱም፣ ቤቷም፣ ቤታቸውም፣ ቤትዎም ነው፣ ከወሬው ካልተለየ ላ ካሳ ደ ኤያ ስትል የሷ፣ ደ ኤል ስትል የሱ መሆኑ ይታወቃል።

የሙጋዷ፦
ጥሩ ብለሃል። እናትየዋን ግን መጀመሪያ በ«ሱ» አናግራቸው፣ እኛ እርስዎ እንደምንለው ማለት ነው፣ ሱ ኢሃ ልጅዎ። ስፔኖች ቶሎ ወደ ቱ ይሄዳሉ፣ በቱ አናግረኝ ካሉህ ያኔ ትቀይራለህ። የአጎትህን ሚስትና ባሏን አንድ ላይ ስታወራ ደሞ ቡዌስትራ ካሳ፣ ቤታችሁ። ይሄ የስፔን ነው፣ ላቲን አሜሪካ ሱ ይላሉ። ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፣ የሰውነት ክፍል ላይ ሚ እንዳትደረድር። ምሳ ሲቀርብ ማስታጠቢያ ይዘህ ስትመጣ እጄን ልታጠብ ለማለት ሜ ላቦ ላስ ማኖስ ነው የሚሉት፣ ሚስ ማኖስ አይባልም፣ ሜ የምትለዋ የማን እጅ እንደሆነ ጨርሳዋለች። ራሴን አመመኝም እንደዛው፣ ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ የሙጋዷ፣ ይሄን አፑ ላይ አላየሁትም። ግን ማኖ በኦ እያለቀ ላስ?

የሙጋዷ፦
አዎ ማኖ ሴት ናት፣ ከህጉ የወጣች ስለሆነች በቃ መያዝ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ስለዚህ «እጃችን» ኑዌስትራስ ማኖስ ነዋ?

ጦሳ ስር፦
እሱን አገኘኸው። ቆይ እስኪ «ጎረቤቶቻችን»ን ሞክር፣ ጎረቤት ቤሲኖ ነው ወንድ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ኑዌስትሮስ ቤሲኖስ!