የዱር ታይገርን በቅርበት ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ወሰኑ የት ላይ ነው?

ጥያቄ

ወደ ሕንድ ተጉዤ በራንታምቦር እና በባንዳቭጋር ብሔራዊ ፓርኮች የዱር ታይገሮችን ፎቶግራፍ ለማንሳት እየተዘጋጀሁ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምመኘው የእንስሳው ፊት ምስሉን ሞልቶ፣ የዓይኑ ቀለምና የጢሙ ፀጉር ሳይቀር ጥርት ብሎ የሚታይበትን ፎቶ ነው። ይሁን እንጂ የጉዞ አዘጋጁ ለሹፌሩ ጠቀም ያለ ጉርሻ ከተሰጠው እጅግ አስጠግቶ እንደሚያቆምልኝ ሲነግረኝ ነገሩ ከነከነኝ። ከመኪና ጋር ተላምዷል የሚባለውን ታይገር መቅረብ በእርግጥ ይጎዳዋል? ወይስ ጉዳዩ መመሪያ የማክበር ብቻ ነው? እንስሳው በሚያልፍበት መንገድ ላይ እንቅስቃሴ ሲኖር ራሱ የሚያነሳ ካሜራ መትከልስ ከዚህ የተሻለ አማራጭ ይሆናል?

የመጀመሪያ መልስ

ከመመሪያው ልጀምር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በታይገር ጥብቅ ስፍራዎች እምብርት የሚካሄደውን ጉብኝት ለጥቂት ወራት ካገደ በኋላ፣ የአገሪቱ የታይገር ጥበቃ ባለሥልጣን ባወጣው መመሪያ መሠረት መኪና ከማንኛውም የዱር እንስሳ ቢያንስ 20 ሜትር መራቅ አለበት፤ እንስሳ በሚታይበት ቦታ በሁለት መኪኖች መካከል 50 ሜትር ሊኖር ይገባል፤ እንስሳውን መክበብ፣ ማባበልና መመገብ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ጉርሻ ተቀብሎ የሚያስጠጋዎት ሹፌር የሥራ ፈቃዱን አደጋ ላይ እየጣለ ነው። እርስዎ ፎቶዎን ይዘው ሲመለሱ እርሱ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል፤ ይህን የሥነ ምግባሩ ክፍል ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል።

ተላምዷል የሚለው ክርክር ግን መመሪያውን ከመጥቀስ ያለፈ መልስ ይፈልጋል። አለመሸሽ አለመጨነቅ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በባንዳቭጋርና በካንሃ የታይገር ጥብቅ ስፍራዎች የሚኖሩ ታይገሮችን ሰገራ መርምሮ፣ ከጭንቀት ጋር የተያያዙት ሆርሞኖች መጠን ጉብኝት በሚካሄድባቸው ወራት ከፍ ብሎ መገኘቱንና ይህም ከጎብኚዎችና ከመኪኖች ብዛት ጋር ተያያዥ መሆኑን አሳይቷል። በተረጋጋ ሁኔታ ከመንገድ ዳር ተኝቶ የምናየው እንስሳ በውስጡ ምን እንደሚሸከም ከሌንስ ጀርባ ሆነን ልናውቅ አንችልም። ከዚህም በላይ አብዛኛው የአደን ሙከራው የሚከሽፍበት እንስሳ ነውና፣ በእርሱና በአጋዘኑ መካከል የገባ አንድ መኪና ምናልባት የቀናት ምግቡን ያሳጣዋል። ደቦሎች ያሏት እናት ከሆነች ጉዳቱ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጨረሻ ቀን በማሃራሽትራ ግዛት፣ ኡምሬድ ካርሃንድላ በተባለው መጠለያ፣ የጎብኚ መኪኖች ከሁለት ወገን ቆመው አንዲትን እናት ከአምስት ደቦሎቿ ጋር መንገድ ላይ ዘጉባት። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ ሳይቀርብለት ጉዳዩን በራሱ አነሳሽነት የያዘው ድርጊቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለተረዳ ነው።

የእኔ መለኪያ ርቀቱን ያጠበበው ማን ነው የሚለው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ በቆመ መኪና አጠገብ ታይገሩ በራሱ ፈቃድ ቢያልፍ፣ ፎቶው ከሦስት ሜትር የተነሳ ቢሆንም ነቀፋ የለበትም። መኪናው ቀድሞ መሄጃውን ከቆረጠበት ግን ከ30 ሜትር የተነሳውም ቢሆን በደል አለበት።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጎብኚን ሁሉ እንደ ጥፋተኛ መመልከት እንዳይከተል እሰጋለሁ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1973 የታይገር ጥበቃ ፕሮጀክትን ከጀመረች ወዲህ፣ በተለይም ባለፉት ዓመታት፣ ቁጥሩ አገግሞ በ2022ቱ ቆጠራ 3,682 ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል። ለዚህ ውጤት ትልቁ ምስጋና ለደን ጠባቂዎች ይገባል፤ ነገር ግን በጥብቅ ስፍራዎቹ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከጉብኝት የሚያገኘው ገቢም ሆነ ፎቶግራፎች የሚፈጥሩት ፍቅር የሚናቅ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ በራንታምቦር የኖረችውን ማችሊ የተባለችውን ታይገር በዓለም ያስተዋወቋት ፎቶግራፎች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማታለል ነው። በግቢ ታስሮ ያደገን ታይገር በክፍያ አንስቶ የዱር ነው ብሎ ማቅረብ እንስሳውንም ተመልካቹንም መበደል ነው። የእ.ኤ.አ. 2009 የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ ውድድር አሸናፊ ሆኖ የነበረው የተኩላ ፎቶ፣ ተኩላው የለመደና የሰለጠነ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ተሰርዟል። ስለዚህ የሚያነሱትን ፎቶ እንዴትና በምን ሁኔታ እንዳነሱት በመግለጫው ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ሦስተኛ መልስ

ራሱ ስለሚያነሳው ካሜራ ላቀረቡት ጥያቄ፦ ዘዴው አዲስ አይደለም። በሕንድ ያገለግል የነበረው የደን ሹም ፍሬድሪክ ቻምፒዮን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንስሳው ሲረግጠው ካሜራውን የሚያስነሳ ሽቦ ዘርግቶ የዱር ታይገሮችን በሌሊት አንስቷል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ጎርሽኮቭም በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ አንዲትን ታይገር ግንድ አቅፋ ሳለች ያነሳበትና ከላይ የተጠቀሰውን ውድድር በ2020 ያሸነፈበት ፎቶ፣ ሰው በሌለበት ለወራት በተተከለ ካሜራ የተገኘ ነው። የሕንድ ታይገር ቆጣሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018–19 በ26,838 ቦታዎች ካሜራ ተክለው ታይገሮቹን አንድ በአንድ የለዩት ከእያንዳንዱ ልዩ የሆነውን የቆዳ ላይ መስመር በማነጻጸር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በፈቃድ የተሠራ ሥራ ነው። ጎብኚ በጥብቅ ስፍራው እምብርት ከመኪና መውረድ አይፈቀድለትምና ለእርስዎ የሚሆን አማራጭ አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን ማባበያ ሊያኖር፣ ወይም ደቦሎች ወደተደበቁበት ሊጠጋ አይገባውም።

የሚመኙትን ፎቶ በተመለከተ ግን ስሌቱ ለእርስዎ ያደላል። 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ትልቅ ሴንሰር ወይም ምስል ተቀባይ ክፍል ባለው) ላይ ሆኖ ከ20 ሜትር ሲነሳ የሚሸፍነው 1.2 ሜትር በ0.8 ሜትር ያህል ነው፤ አነስ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይጠብባል። ጥቂት ጠርዙ ሲቆረጥ የታይገር ፊት ምስሉን ይሞላዋል፤ በመሆኑም ወሰኑን ለመጣስ የሚያስገድድ ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ለሌንሱ የሚከፈለው የኪራይ ገንዘብ ለማስጠጊያ ከሚሰጠው ጉርሻ ይሻላል። ፎቶውን ሲያሳትሙም የቦታውን መረጃ ከፋይሉ ያጥፉ፤ በተለይ ደቦሎች ካሉ ትክክለኛ ስፍራቸውን ለማንም አይግለጹ፤ የሕገ ወጥ አዳኞች ዓይንም እዚያው አለና።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለጉዞ አዘጋጁ የ20 ሜትሩ ወሰን እንዲከበርልኝ በጽሑፍ አሳውቃለሁ። ለሹፌሩ ደግሞ ታይገር ብናይም ባናይም ጉርሻው ያው መሆኑን ከመነሳታችን በፊት እነግረዋለሁ፤ ረጅሙን ሌንስም እከራያለሁ።