የሽቦ ጥቅሎችን በጠባብ ክፍል ውስጥ መደርደር (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የቤት መስመር ዝርጋታ ነው የምሠራው። ዕቃ ማስቀመጫዬ ግቢ ውስጥ ያለች 2.5 በ3 ሜትር ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። የተጀመሩ 14 ጥቅሎች አሉ፦ 1.5 (ቁጥሩ የሽቦው ልክ በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) በአራት ቀለም፣ 2.5 በአራት ቀለም፣ 4 ሁለት፣ 6 ሁለት፣ ፍሌክሲብል (ባለ ብዙ ቀጭን ክር) ሁለት። ሁሉም መሬት ላይ ተደራርበዋል። ስስባቸው ይቋጠራሉ፣ ስንት ሜትር እንደቀረም አይታወቅም። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ግድግዳው ላይ ሰክቼ ልሰቅላቸው አሰብኩ። ያዋጣል?

ናስትሮ፦
ፌሮውን ተወው። ባለ 12 ፌሮ በአንድ ሜትር ርዝመት 20 ኪሎ ሲሸከም መሃሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ይረግባል፤ ጥቅሎቹም ወደ መሃል ይንሸራተቱና ይተሻሻሉ። የፌሮው ጥርስ ደግሞ ጥቅሉ የሚዞርበትን ማሽከርከሪያ ይይዛል። በዚያው ርዝመት የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ (የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ) 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚረግበው፤ ገጹም ለስላሳ ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ፊሸር (የብሎን ማስያዣ ፕላስቲክ) አይዝም። ማገሩን ብታገኘው እንኳ ሽቦ በተሳበ ቁጥር ስለሚነቃነቅ ምርጊቱ ይረግፋል። ስለዚህ ክብደቱ መሬት ላይ ይረፍ፦ ከ30 በ30 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሁለት እግር በየዳ፤ ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፎ ቢይዘው ይበቃል።

ሁለት ቧንቧ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር፣ በመካከላቸው 35 ሳንቲ ሜትር። ቧንቧው የሚቀመጥበት አናቱ ክፍት የሆነ ጎድጎድ ይሁን፣ ጥቅል ለመቀየር ብድግ አድርጎ ማውጣት እንዲቻል። 4 እና 6 ከታች፣ 1.5 ከላይ።

አሁን ዋናው ነገር። የሚቋጠረው ሽቦው መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተኛን ጥቅል ከጎኑ ስትስብ እያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ጥምዝ ይዞ ይወጣል፤ የ100 ሜትር ጥቅል ከ100 በላይ ዙር ነውና ቁጥሩን አስበው። ጥቅሉ ራሱ መዞር አለበት። ፋብሪካው በፕላስቲክ ብቻ ጠቅልሎ ለሚልከው ጥቅል ማሽከርከሪያ ሥራለት፦ ከ12 ሚሊ ፕላይውድ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች፣ በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ የ110 ሚሊ ፕላስቲክ ቱቦ። በቱቦው ውስጥ ሦስት ባለ 6 ሚሊ ብሎን፣ 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቀው። መሃሉን በ25 ሚሊ ብሳው። 100 ሜትር 2.5 ይዞ ብዙ ቦታ ይተርፈዋል፣ እስከ 6 ድረስም ይችላል። 10 ካለህ እንደተጠቀለለ አኑረው። አዲሱን ጥቅል ስታዛውር ሌላ ሰው ፈትል ሲጠነጠን እንደሚያዘው በሁለት ክንዱ ይዞ በዙሩ ይልቀቅልህ።

አንዳንዱ ኩሽኔታ ያስገባበታል፤ ስህተት ነው። በቀላሉ ከዞረ እጅህ ሲያቆም እሱ አያቆምም፣ ትርፉ ይፈታና ከታች ካለው ጋር ይተበተባል። የእንጨትና የቧንቧ ፍትጊያ ጥሩ ፍሬን ነው።

የሚዛን ሰው፦
ስለ ቀሪው ሜትር እኔ ልመልስ። በቴስተር በኦም መለካት አያስኬድም፦ 100 ሜትር 2.5 መዳብ 0.74 ኦም ብቻ ነው፤ የተራ ቴስተር ገመድና ጫፍ ራሱ የዚያን ያህል ስህተት ሊያመጣ ይችላል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይሻላል። የባዶውን ማሽከርከሪያ ክብደት ክቡ ላይ በማርከር ጻፍ። ከዚያ ከቁርጥራጭህ 5 ሜትር ለክተህ መዝን። ለምሳሌ 155 ግራም ቢሆን ሜትሩ 31 ግራም ነው። ከነማሽከርከሪያው 2.2 ኪሎ፣ ባዶው 0.9 ኪሎ ከሆነ፣ 1300 ለ31፣ ወደ 42 ሜትር ቀርቷል ማለት ነው። በቀለምና በፋብሪካ ይለያያልና ለእያንዳንዱ ለብቻው አድርግ።

ሚዛኑ ሌላም ጥቅም አለው። በ100 ሜትር 2.5 ውስጥ መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ይመዝናል። ጥቅሉ ከነፕላስቲኩ 2.5 ኪሎ ካልሞላ ወይ መዳቡ ቀጭን ነው፣ ወይ ሜትሩ አጥሯል። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ሲደረግ ውስጡ ነጭ ከሆነ ደግሞ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
በእኛ በኩል ጠላቱ ፀሐይና ሙቀት ነው፣ የእናንተ ግን ውርጭ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ በጠዋት በግድ ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቱቦ ውስጥ ከገባ በኋላ አይታይም። ለነገ የምትፈልገውን ጥቅል ማታውኑ ሰው የሚያድርበት ክፍል አስገባ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ንጋት ላይ ያንጠባጥባልና የጥቅሎቹን አናት በላስቲክ ሸፍን፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፣ አለዚያ እርጥበት ይቋጥራል። ታችኛው ቧንቧ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አይጥ ገለባ ካለበት ጭቃ ግድግዳ አይጠፋም። ናፍጣና ነጭ ጋዝ በአጠገቡ አይቀመጡ፣ ስታይሮፎምም አይንካው፤ የሽቦው ማለስለሻ ወደ ስታይሮፎሙ ይሄድና ሽቦው ይደርቃል።

የጠባሴው፦
አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ጫፉን በናስትሮ ማሰር ይሻላል? 1.5 እና 2.5 ወረቀታቸው ሲጠፋስ በምን ይለያሉ?

ናስትሮ፦
ስሜ ናስትሮ ቢሆንም ናስትሮ አታድርግበት፣ ማጣበቂያው ሽቦው ላይ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል። ክቡ ጠርዝ ላይ በመጋዝ 4 ሚሊ ስንጥቅ አውጣና ጫፉን እዚያ ሰካው። ለፍሌክሲብሉ ከአሮጌ ካላማዳሪ 2 ሳንቲ ሜትር ቀለበት ቆርጠህ አጥልቅበት።

መለየቱን በዓይን አትሞክር። ከላይ ሲታዩ ልዩነታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ጫፉን ልጠህ መዳቡን በካሊፐር ለካ፦ ባለ አንድ ድፍን ክር ሽቦ 1.5 ከሆነ 1.38፣ 2.5 ከሆነ 1.78፣ 4 ከሆነ 2.26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1.5 ተሳስቶ በባለ 20 አምፔር ብሬከር የሶኬት መስመር ላይ ከገባ ሽቦው ሲግል ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ልኩን በወረቀት ሳይሆን ክቡ ላይ በሁለቱም ወገን ጻፈው፣ ያ ማሽከርከሪያም ሌላ ልክ አይጠቀለልበት።